አንዴ ላቋርጥሽ

ናዝራዊት ካርታ ትሠራለች። ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ከገጠር በጂፒኤስ የተለቀሙ ነጥቦችን ታያይዛለች፤ ምንጩን ከእግር መንገዱ፣ የእግር መንገዱን ከገበያው፣ ገበያውን ከመቃብሩ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ በወጣትነታቸው ከሸዋ ተመድበው የመጡ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ግን የተወለደችው አወቱ መንደራ፣ የተማረችውም ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ስለሆነ ከጅማ ሌላ አገር አታውቅም። አፋን ኦሮሞ ስትናገር ሰምቶ በኋላ ስሟን የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ይገረማል።

ስለ ሥራዋ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ነጥቦቹን ማያያዝ በጀመረች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክፍሉ ይጠፋባታል። መጀመሪያ የኮሪደሩ ድምፅ ይርቃል፤ ከዚያ ወንበሩና ጠረጴዛው ይሄዳሉ። የከፍታ መስመሮቹ ዳገት ይሆኑና በእግሯ ትወጣቸዋለች። የእግር መንገድ ስትስል የዛፍ ጥላ ክንዷ ላይ ሲያልፍ ይሰማታል፤ ምንጭ ስታስቀምጥ እርጥብ ድንጋይ ይሸታታል። በዚህ ጊዜ አትሳሳትም። አንዱ ነጥብ ሌላውን እየጠራ፣ እሷ እየተከተለች፣ ጠዋቱ ያልፋል።

ግን እንዲህ ያለው ጠዋት እየጠፋ ነበር። በጽሕፈት ቤቱ የሚሠራ ፕሪንተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተሰካው ከናዝራዊት ኮምፒውተር ጋር ነው። ፍላሽ የያዘ ሰው ሁሉ በሯን አንኳኩቶ፣ አንዳንዱም ሳያንኳኳ፣ አንገቱን ያስገባል።

«ናዝራዊት፣ አንዴ ላቋርጥሽ?»

አንዴ የሚባለው አንድ ገጽ ሆኖ አያውቅም። ፕሪንተሩ ወረቀት ይነክሳል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ፊደሉ ይፈርሳል። እስኪስተካከል ድረስ ወሬ አለ፤ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የጎረቤት ለቅሶ። ሰውየው አመስግኖ ሲወጣ ናዝራዊት ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች። ዳገቱ መስመር ሆኗል። እንደገና ክፍሉ እስኪጠፋላት ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ሰው ይመጣል።

ጥር ሊያልቅ ሲል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳባ አስጠሯት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው።

«ከሸቤ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ ሊነደፍ ነው» አሏት። «ቀያሾቹ መጥተዋል። የሦስቱን ቀበሌ ምንጮች ካርታ ይፈልጋሉ። ካርታው ላይ ያዩትን ይሸሹታል። ያላዩትን ግን ከየት ያውቁታል? ሁለት ሳምንት አለሽ።»

«ነጥቦቹ አሉኝ» አለች። «ኅዳር ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ።»

እውነት ነው። ኅዳር ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጫካ ለጫካ ተንከራትታ የሥልሳ ሦስት ምንጮችን ነጥብ በደብተርና በጂፒኤስ ይዛ ተመልሳ ነበር። ምንጮቹን አንድ በአንድ ያሳዩዋት ሐጂ ሙሀጅር የሚባሉ የአካባቢው አዛውንት ናቸው። እያንዳንዱ ምንጭ ስም ነበረው፤ ሐጂ ስሙን ሳይናገሩ አንዱንም አላለፉም፤ እሷም ስሙን ሳትጽፍ አላለፈችም። አሁን የቀራት መቀመጥ ብቻ ነው።

መቀመጥ ግን አልሆነላትም። የመጀመሪያው ሰኞ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠች ለማወቅ ወረቀት ላይ ጭረት እያደረገች ዋለች። ሥራ ሲያበቃ ሠላሳ ሰባት ጭረት ቆጠረች። ከእነዚያ ውስጥ አሥራ አንዱ የብርሃኔ ነበር።

ብርሃኔ የግዢ ክፍል ባልደረባዋ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሰው የሚወድ፣ ሰውም የሚወደው። ለሠፈሩ እድር ጸሐፊ ሆኖ ስለተመረጠ የእድሩ ወረቀት ሁሉ በናዝራዊት ክፍል ያልፋል። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሙዝ ወይም ሸንኮራ ይዞ ይገባል። እሱን ሂድ ማለት ለናዝራዊት ከሁሉ ይከብዳት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። በበጋ መሐል የሚወርደው፣ ቡናውን የሚያስፈነዳው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ሰጠመ፤ ናዝራዊትም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባች። ቁጥር ሠላሳ ስምንትን አስቀመጠች፣ ሠላሳ ዘጠኝን፣ አርባን። ዛፎች ሥር እየሄደች ነው። ከፊቷ ነጭ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሐጂ ይሄዳሉ፤ ዞር ብለው የሚቀጥለውን ስም ሊነግሯት ነው። አርባ አንድ፣ ቡርቃ ወዴሳ። የዋንዛው ምንጭ። እጇ የመጀመሪያውን አኃዝ መታ—

«ናዚዬ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ላቋርጥሽ?» ብርሃኔ ነበር፤ ፀጉሩ ዝናብ መትቶት ይንጠባጠባል። የእድሩ አባል ሞቶባቸው የለቅሶ ማስታወቂያ ሊያትም ነው።

ለቅሶ እምቢ አይባልም። ፎቶው አልከፈት አለ፤ ስሙ ተሳስቶ ተጽፎ እንደገና ታረመ። ብርሃኔ ስለ ሟቹ ደግነት አጫወታት፤ እሷም አብራው አዘነች። ሲወጣ ዝናቡ አባርቷል። ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ደብተሯን አየች፤ ከአርባ ሁለት ቀጠለች።

አርብ ቀያሾቹ ችካል መትከል ስለፈለጉ ካርታው ባለበት ይላክልን አሉ። ላከችው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ሙሀጅር በሯ ላይ ቆሙ። ከሸቤ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘው ነው የመጡት፤ ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ናዝራዊት ዘላ ተነስታ ወንበር አቀረበችላቸው።

«አካም ጂርቱ ሐጂ! ምነው በደህና?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አንቺስ ኢንተለ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው። ተቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ። «ቡርቃ ወዴሳ አፉ ላይ እንጨት ተክለዋል። ቀይ ቀለም የተቀባ። ሴቶቹ ደነገጡ። እኔ ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ ጥሩ ልጆች ናቸው። ወረቀታቸውን አሳዩኝና ‹አባባ፣ እዚህ ውሃ የለም› አሉኝ።» ሐጂ በመገረም ፈገግ አሉ። «ውሃው እግራቸው ሥር እየሄደ፣ ወላሂ።»

ናዝራዊት ካርታውን ከፈተች። አርባ። አርባ ሁለት። በመሐላቸው ያለው ዳገት ባዶ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጻፈችው አንድ አኃዝ ብቻውን በሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩም ጎደሎ ነው ብሎ ጥሎታል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ሐጂ» አለች። «እርስዎ አሳይተውኛል። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

«ኤዬ፣ እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት» አሉ። «የረሳሽው እንጂ የተውሽው አልመሰለኝም።»

የዚያን ቀን ናዝራዊት ጥፋቷን ለአቶ ዳባ ስትነግር ብርሃኔን አላነሳችም። አቶ ዳባ ወዲያው ለቀያሾቹ ኃላፊ ደወሉ። ችካሉ ጊዜያዊ ነው፤ የታረመ ካርታ እስከ አርብ ከደረሰ መስመሩ ይዛወራል፤ ከአርብ ካለፈ ግን ንድፉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው ተባለ።

«እንግዲህ አንዱን ምንጭ ጨምሪና ላኪው» አሏት አቶ ዳባ።

«አንዱን ብቻ መዝለሌን በምን አውቃለሁ?» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ እየተቋረጥኩ ነው የሠራሁት። ነገ ሄጄ በቦታው ላመሳክር።»

አቶ ዳባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መኪና የለም።»

«በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ማለዳ ጅማ ገና ጉም ውስጥ ነበረች። ሚኒባሱ ከተማውን ሲወጣ ጉሙም አብሮ ወጣ፤ አንዳንድ ቦታ መንገዱ ብቻ ይታያል፣ አንዳንድ ቦታ መንገዱም አይታይም። ሐጂ ሸቤ መናኸሪያ ጠበቋት። ባጃጅ እስከሚደርስበት ሄደው ቀሪውን በእግር ተያያዙት።

ዝናቡ ከወረደ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ቡናው አብቧል። በትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሽታው ከባድና ጣፋጭ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። ንቦች በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ሳይጮኹ ያያሉ። የናዝራዊት ስልክ መረብ ካጣ ቆይቷል። ካርታዋን በአንድ እጅ፣ ጂፒኤሱን በሌላው ይዛ ከሐጂ ኋላ ትሄዳለች። ክፍሏ ውስጥ ሆና በሐሳብ የምትገባበት ቦታ ይህ ነበር፤ አሁን በሥጋዋ ገብታበት፣ ሕልሙ የቱ ጋ አልቆ መንገዱ የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት አቃታት። ልትለየውም አልፈለገችም።

ቡርቃ ወዴሳ ከግዙፍ ዋንዛ ሥር ይወጣል። ቀዩ ችካል ከውሃው አራት እርምጃ ላይ ቆሟል። ጄሪካን የያዙ ሴቶች ዙሪያውን ዞረው ያልፋሉ፤ ማንም አልነቀለውም። ናዝራዊት ተንበርክካ ነጥቡን እንደገና ያዘች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ተከተሉ። አንድ ሌላ የተዘለለ አገኘች፤ ቁጥር ሃያ ስድስት። ሌላው ደግሞ፣ ሥልሳ አንደኛው፣ ከሸንተረሩ ማዶ መሆን ሲገባው ወዲህ ተቀምጧል። ያንን በትክክል የሚያውቀው ከሊል የሚባል ንብ አናቢ ጎረቤት ነው አሉ ሐጂ፤ እሱን ፍለጋ ሄዱ።

ከሊል ዛፍ ላይ ነበር። ከመሬት ሃያ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በቅርፊት የተሠራ ረጅም ቀፎ በገመድ ስቦ፣ ቅርንጫፍ መሐል እያስቀመጠ ነው። ከዛፉ ሥር አንዲት ሴትና አንድ ሰው ተቀምጠዋል። እነሱም ከሊልን ፈልገው የመጡ ናቸው። ናዝራዊት ቀና ብላ ልትጠራው አፏን ስትከፍት ሐጂ ክንዷን ነካ አደረጓት።

«ታኢ» አሉ በሹክሹክታ። «ተቀመጪ። እጁ ገመድ ላይ ነው። ከጠራነው ያየናል፤ ካየን ገመዱ ይሄዳል።»

ተቀመጠች። መጀመሪያ ቸኮለች፤ ሰዓቷን አየች፤ ሚኒባሱን አሰበች። ከዚያ አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎች ቀስ ብለው ሲያወሩ ሰማች። ሰውየው ከሊል ዘንድ የመጣው የጭነት አህያ ሊዋስ ነው። ሴትዮዋ ለምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችው። ለነገ አላት። «የእኛዋ አህያ ነገ ሥራ የላትም፤ ማለዳ መጥተህ ውሰዳት» አለችው። ሰውየው አመስግኖ፣ ቀሚሷን እንዳይነካ ተጠንቅቆ አልፏት፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሊል መምጣቱንም መሄዱንም አላወቀም።

ናዝራዊት ሰውየው በዛፎቹ መሐል እስኪሰወር ድረስ ተከትላ አየችው። የአበባው ሽታ አደነዘዛት፤ ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደገፈች። ከላይ የገመዱ መሰብሰብ፣ የቅርፊቱ መፋተግ ይሰማል። ሰዎች አጠገቧ እያሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ ውስጥ ገብታ አታውቅም። እየጠበቀች መሆኑንም ረሳች።

ከሊል ወርዶ እጁን በቅጠል ጠረገና መጀመሪያ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ ንግግሯን እስክትጨርስ ድረስ ወደ ሌላ ሳያይ አዳመጣት። ቀጥሎ ወደ ናዝራዊት መጣ፤ እሷንም እንደዚያው። ሥልሳ አንደኛውን ምንጭ ራሱ ወስዶ አሳያት።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር እያሰበች ጅማ ገባች።

ሐሙስ ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ደረሰች። ሁለተኛዋ የገባችው ጊፍቲ ናት፤ የአቶ ዳባ ጸሐፊ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ፈጣንና ቀልደኛ። ናዝራዊት ያሰበችውን ነገረቻት።

«ፕሪንተሩን ወደ አንቺ እናምጣው። ከምድር ቤት አዳራሽ ደግሞ አንድ አግዳሚ ከበሬ ውጪ እናስቀምጥ። ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት በሬ ዝግ ነው። አምስት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ፤ ማንም የመጣ ሰው ሳይስተናገድ አይሄድም።»

ጊፍቲ ሳቀች። «ናዚ፣ ሙድ ይዘሻል! ሲያሙሽ ግን እኔ የለሁበትም።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገች። «ደግሞ ፕሪንተሩን እኔ ስመኘው ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው ከእኔ ጋ እየተጫወተ ያትም እንጂ። አንቺ እንደምትፈልጊው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ናዝራዊት ደነገጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳቸው ሌላውን አልጠየቁም። ገመዱን ነቅሎ ጊፍቲ ጠረጴዛ ላይ ለመሰካት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አግዳሚውን ከጥበቃው ጋር ሆነው ለሦስት ተሸክመው አወጡት።

የመጀመሪያው ሰው ብርሃኔ ነበር። ጊፍቲ ነገረችው፤ አላመነም፤ አንኳኳ። ናዝራዊት ራሷ ወጣች።

«እኔንም ነው?» አለ። እጁ ውስጥ በፌስታል ሙዝ አለ።

«አንተንም ነው ብርሃኔ» አለች። «ያለፈው ሐሙስ ለለቅሶው ስትመጣ አንድ ምንጭ ዘለልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተ አላወቅህም። መንገዱ ምንጩ ላይ ሊያልፍ ነበር። አሁን ሥልሳ ሦስቱንም እንደገና ማየት አለብኝ፤ እጄ ገመድ ላይ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ግን ና። አብረን ሙዙን እንበላለን።»

ብርሃኔ ፌስታሉን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ደረጃውን ወረደ። ናዝራዊት በሩን ዘግታ ለብዙ ደቂቃ ቆመች። ሄዳ ልትጠራው ፈለገች። ከዚያ ተቀመጠች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከኮሪደሩ እርምጃ ሲመጣ ትከሻዋ እየተሸማቀቀ ጠበቀች፤ እርምጃው በሯ አጠገብ ቆሞ፣ አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማት። ማንም አላንኳኳም። ዘጠነኛው ምንጭ ላይ ወንበሩ ጠፋ። በነጭ አበባ መሐል ትሄዳለች፤ ሐጂ ከፊቷ፣ ንቦቹ ከላይ። እያንዳንዱ ምንጭ በየቦታው ይጠብቃታል፤ ስሙን ትጠራዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ታልፋለች። ከበሩ ውጪ የሰዎች ድምፅ ከሩቅ፣ ከዛፍ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማታል።

አምስት ሰዓት ሲሆን በሯን ከፈተች። አግዳሚው ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱን አስተናገደቻቸው። ሌሎቹ ሁለቱ የፈለጉትን እዚያው እርስ በርሳቸው ተጠያይቀው አግኝተዋል፤ ወሬ ባይዛቸው ኖሮ ገና ድሮ ሄደው ነበር። ናዝራዊት አንድ የገረማት ነገር ቢኖር፣ ሁለቱን ሰዎች ስታነጋግር ፊታቸውን ማየቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰው ሁሉ የምትመልሰው ግማሽ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ጥላ ነበር።

ብርሃኔ አልመጣም። በሻይ ሰዓትም «ናዝራዊት በቀጠሮ ሆናለች አሉ» ሲል ከበስተጀርባዋ ሰማችው። ሰዎቹ ሳቁ። ዞር አላለችም፤ ሻይዋ ግን አልጣማትም።

አርብ ጠዋት ሥልሳ ላይ ደርሳ ነበር። ከውጪ የአቶ ዳባ ድምፅ ተሰማ፤ ካርታውን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ጊፍቲ ተከትላቸው ስትሮጥ ሰማች። «ጋሼ፣ እስከ አምስት ሰዓት ነው የተባለው… ግን እርስዎ እኮ…»

ከዚያ አግዳሚው ከሌላ ጊዜ ይልቅ በረታ ብሎ ተንቋቋ። አቶ ዳባ ተቀምጠዋል።

አጠገባቸው አፊፋ የምትባል፣ ከአጋሮ የመጣች ሴት ነበረች። የሟች ባሏን መሬት ወደ ስሟ ለማዛወር አንድ ደብዳቤ ብቻ ቀርቷት ወር ሙሉ ተመላልሳለች። ጎኗ የተቀመጡት ማን እንደሆኑ አላወቀችም። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ቆጥራ ሁሉንም አጫወተቻቸው፤ ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ አሥራ ሰባት ቀኑ እንደሆነ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እንደሚጠብቅ፣ ኃላፊው ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ናቸው እንደሚባል።

«እዚህ ለምን መጣሽ ታዲያ?» አሏት።

«እዚች ክፍል ያለችው ልጅ ሰው ታስተናግዳለች አሉኝ።»

አቶ ዳባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ቢሮአቸው ገብተው ክምሩን ሲያገላብጡ ጊፍቲ በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው። ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ወጡና በሁለት እጃቸው ለአፊፋ ሰጧት። እሷም ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆኑ የገባት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነቻቸው። አቶ ዳባ ግን ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

ከዚያ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አምስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቁ።

ናዝራዊት በሩን ስትከፍት ካርታው አልቆ ነበር። ሥልሳ ሦስቱም ምንጮች፣ ከነስማቸው። አቶ ዳባ ቆመው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን ወደ አንዱ ምንጭ አስጠጉና፣ «ይህን አውቀዋለሁ» አሉ። «ወጣት ሆኜ ጠጥቼበታለሁ። ስም እንዳለው ግን አላውቅም ነበር።» ካርታው የተላከው ከምሳ በፊት ነው።

ብርሃኔ የመጣው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ባዶ እጁን፣ ሳይቀመጥ።

«ምንጩ ዳነ?» አላት።

«ዳነ። መስመሩን ሰማንያ ሜትር ወደ ላይ አዛወሩት። ትናንት ችካሉን ነቅለውታል፤ ሐጂ ደውለው ነገሩኝ።»

ብርሃኔ ራሱን ነቀነቀ። «ያን ቀን ተናድጄ ነው የሄድኩት። ቤት ገብቼ ለሚስቴ ስነግራት፣ ‹አንተ ሰውን እንዴት እንደምታደክም ዛሬ ነው የምታውቀው?› ብላ ሳቀችብኝ።» ራሱም መሳቅ ጀመረ፤ ናዝራዊትም ሳቀች፤ ወንበር ስባ ሰጠችውና ከምሳ በፊት የነበረውን ጊዜ ሁሉ ሲያወሩ ጨረሱት። ስለ እድሩ፣ ስለ ሟቹ፣ ስለ ሴት ልጁ ፈተና። በዚያ ሁሉ ጊዜ ናዝራዊት አንዴም ወደ ስክሪኑ አላየችም።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሳምንት ስብሰባ ጠዋቷን ይወስድባታል። አንድ ጊዜ ጊፍቲ በሩን በርግዳ ገባች፤ የጥበቃው ሚስት ምጥ ይዟት መኪና ጠፍቶ ነበርና ናዝራዊት የምታውቀውን የባጃጅ ነጂ ጠራች፤ የዚያን ቀን ካርታ የሚባል ነገር አልታሰበም። አግዳሚው ላይ የሚጠብቅ ሰው ሲያጉረመርም የምትሰማበት ቀንም አለ። ቢሆንም አብዛኛውን ጠዋት በሩ ዝግ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ይከፈታል።

መጋቢት ሲጋመስ አቶ ዳባ አዲስ ሥራ ሰጧት፤ በጌራ በኩል ያሉ አራት ቀበሌዎች፣ ማንም ካርታ ሠርቶላቸው የማያውቅ። ሰኞ ጠዋት መስኮቷን ከፍታ ተቀመጠች። ውጪ ጉሙ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ብቻ አስቀርቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው ገጽ ባዶ ነው፤ የከፍታ መስመር ብቻ፣ ሸለቆና ሸንተረር። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳትነካ አየችው። በስተግራ በኩል ሁለት ኮረብታዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እዚያ ውሃ ሳይኖር አይቀርም ብላ አሰበች። ወደዚያ መራመድ ጀመረች።